የሰው እጅ ማየት

አማርኛችን ለችግር ካወጣቸው ስሞች ሁሉ እንደ «የሰው እጅ ማየት» አንገት የሚያስደፋ ያለ አይመስለኝም። እጅ ያጠረው ይበደራል፤ እጅ የሰጠው ይማረካል፤ እጅ የነሣ አክብሮቱን ይገልጣል። የሰው እጅ የሚያይ ግን ከሙሉ ሰውነት ተራ እንደ ወጣ ይቆጠራል። «የሰው እጅ ከማይ…» ብለን የጀመርነውን ዐረፍተ ነገር በምን እንደምንጨርሰው አንባቢ ያውቀዋል። ይህን ሐረግ ለዓመታት ሳላላምጠው ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። ትርጉሙን መመርመር የጀመርኩት እኔ ራሴ በሰዓት የሚከፈለኝ «የሰው እጅ» ከሆንኩ በኋላ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል ታክሲ መንዳትና መኪና ማቆሚያ መጠበቅ ሲነገርላቸው ይሰማል። በየሰው ቤት እየሄዱ አረጋዊንና አካል ጉዳተኛን መንከባከብ ግን ብዙ ወገኖቻችን የሚተዳደሩበት ሆኖ ሳለ በጨዋታ መካከል እምብዛም አይነሣም። እኔም ከአንገታቸው በታች መንቀሳቀስ የማይችሉ የአንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ረዳት ሆኜ ወደ አራት ዓመት ግድም ሠርቻለሁ። አጠጣቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ጢማቸውን እላጫለሁ፣ የሚያነቡትን መጽሐፍ ገጽ እገልጣለሁ። በእኛ ባህል ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ እዚያ ቤት ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈጸም ግዴታ ነበር። ስለ ሮቦት ክንድ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በእኚህ ሰው ምክንያት ነው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከጠፈር ምርምር አይጀምርም፤ የሚጀምረው ከፖሊዮ ሕሙማን ክፍል ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፖሊዮ አሜሪካን በየበጋው ያሸብር ነበር። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻቸውን ያሰለለባቸው ሕሙማን «የብረት ሳንባ» በሚባል በርሜል መሰል ማሽን ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ወራትና ዓመታት ይተኛሉ። የዮናስ ሳልክ ክትባት ፍቱንነት አፕሪል 12 ቀን 1955 ሲታወጅ የአብያተ ክርስቲያናት ደወል እስኪደወል ድረስ አገሩ በደስታ ሰከረ። አዲስ በሽተኛም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ። ቀድሞ የተመታው ግን እዚያው አልጋው ላይ ነበር።

ከሎስ አንጀለስ ብዙም በማትርቀው በዳውኒ ከተማ የሚገኘው ራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹን ይዞ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ወጪውን ሲያሰሉ፣ አንዱን የብረት ሳንባ ሕመምተኛ ቤቱ ልኮ ረዳት መቅጠር ሆስፒታል ከማስተኛት እጅግ እንደሚረክስ ተገነዘቡ። ሕሙማኑ ወደየቤታቸው የተመለሱት መብት ተከራክሮላቸው ሳይሆን ሒሳቡ ስለ ፈቀደላቸው ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ሒሳቡ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣልና።

መሐንዲሶችም በበኩላቸው ተነሡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በክሊቭላንድ ከተማ የኬዝ ቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች፣ የሰለለውን ክንድ ራሱን ተሸክሞ የሚያንቀሳቅስ፣ ወለል ላይ የተተከለ የብረት ማዕቀፍ ሠሩ። ታማሚው ራሱ ላይ በታሰረ መብራት በዙሪያው የተደረደሩትን ብርሃን ተቀባይ መሣሪያዎች እያነጣጠረ፣ ቀድሞ የተቀዳውን እንቅስቃሴ ያስጀምራል። የራንቾ ሰዎች ደግሞ ብዙ መገጣጠሚያ ያለው የኤሌክትሪክ ክንድ ሠሩ፤ በኋላም ከተሽከርካሪ ወንበር ጋር አጣመሩት። የሚታዘዘው በምላስ ነበር። አፍ አጠገብ ጥቃቅን ማብሪያዎች ይደረደራሉ፤ አንዱ ትከሻውን፣ ሌላው ክርኑን፣ ሌላው አንጓውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ያስኬዳል።

እስቲ አንባቢ ብርጭቆ ሲያነሣ ራሱን ይታዘብ። ትከሻው ስንት ዲግሪ እንደ ዞረ፣ ክርኑ መቼ መታጠፍ እንደ ጀመረ አያውቅም፤ ያሰበው ውኃውን ብቻ ነው። የራንቾው ተጠቃሚ ግን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ለየብቻው፣ አንዱን ከአንዱ በኋላ፣ በምላሱ ጫፍ ማዘዝ ነበረበት። አንድ ጉንጭ ውኃ ለመጠጣት የሚጠይቀው የሐሳብ ድካም ጥማቱን ያስረሳል ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ክንዶች አንዱ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ፣ በኮምፒውተር ከታዘዙት የመጀመሪያዎቹ የሮቦት ክንዶች መካከል ለመቆጠር በቅቷል። ለተጎዳ ሰው የተሠራው ክንድ ለኮምፒውተር መማሪያ ሆነ ማለት ነው።

በ1961 ደግሞ ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት በኒው ጀርሲ፣ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ የጋለ ብረት ማንሣት ጀመረ። ሁለቱ ክንዶች እንግዲህ እኩዮች ናቸው። ዛሬ በዓለም ፋብሪካዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ሮቦቶች ይሠራሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተገጠሙት ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። የመኪና አካል የሚበይደው ክንድ ገዢ አለው። ሾርባ የሚያጎርሰው ክንድ ፈላጊ እንጂ ገዢ የለውም። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ቴክኖሎጂ ብቻውን አያስረዳውም።

ከዚህ በተቃራኒ፣ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ፣ መሐንዲስ ደክሞ፣ ተጠቃሚው እምቢ ያለበት ጊዜም ነበር። ከ1957 እስከ 1961 መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን ይሸጥ የነበረው፣ በብዙ አገሮችም የተሠራጨው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ። ለብዙዎቹ ልጆች በታመቀ ጋዝ የሚሠሩ ክንዶች ተገጠሙላቸው። ልጆቹ ግን በእግር ጣቶቻቸው መጻፍም መብላትም ተምረው ነበር። ክንዶቹ ይከብዳሉ፤ ከእግር ጣት ይዘገያሉ፤ የሚነኩትን ነገር አያሳውቁም። ብዙዎቹ አውልቀው ጣሏቸው። ክንዱ በአብዛኛው የተሠራው ልጁን ለሚያየው ሰው ዓይን ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ሰው የሮቦት ክንድ አልሠራም፤ እስከማውቀው አልተጠቀመበትምም። ሆኖም ያለ እሱ ይህ ታሪክ ትርጉም የለውም።

ኤድ ሮበርትስን ፖሊዮ የያዘው በ1953፣ በ14 ዓመቱ ነው። ከሁለት የእጅ ጣቶችና ከጥቂት የእግር ጣቶች በቀር ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት አካል አልቀረም፤ ሌሊት የሚያድረውም በብረት ሳንባ ውስጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲነሣ የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት «ይህ ሰው ሥራ ይሠራል ተብሎ አይጠበቅም» በሚል የትምህርት ድጋፍ ነፈገው፤ ውሳኔው የተቀለበሰው ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በ1962 በርክሌይ ገባ። 360 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የብረት ሳንባ የሚያስተናግድ የተማሪዎች ማደሪያ ባለመኖሩ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አንድ ክፍል ተሰጠው። ሌሎችም ተከተሉት። እነዚህ ተማሪዎች ተደራጁ፣ ተከራከሩ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እንዲስተካከል አስገደዱ፤ በ1972ም በከተማዋ የራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተመሠረተ። በ1975 ገዢው ጄሪ ብራውን ሮበርትስን የዚያው «አይሠራም» ያለው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ አድርጎ ሾመው። እንዲህ ያለ ሹመት በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የእነ ሮበርትስ ትልቁ ሥራ ግን «ራስን መቻል» ለሚለው ቃል የሰጡት አዲስ ትርጉም ነው። እኛ ይህን ቃል በስብሰባና በዕርዳታ ድርጅት ሪፖርት ብዛት አድክመነዋል፤ ራሱን የቻለ የምንለው የማንንም እጅ የማያየውን ነው። እነሱ ግን ነገሩን ገለበጡት። በእኔ አገላለጽ ሲቀመጥ፦ ካልሲውን በራሱ ለማጥለቅ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ደክሞት ቤት የሚውል ሰውና በረዳት እጅ በአምስት ደቂቃ ለብሶ ሥራው የሚሄድ ሰው ቢነጻጸሩ፣ ራሱን የቻለው ሁለተኛው ነው። ቁም ነገሩ እጁ የማን ነው አይደለም፤ አዛዡ ማን ነው ነው። ስለዚህም መንግሥት ለረዳት የሚከፈለውን ገንዘብ እንዲሰጥ፣ ረዳቱን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ግን አካል ጉዳተኛው ራሱ እንዲሆን ታገሉ። በ1977 በሳን ፍራንሲስኮ ከ100 በላይ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ ይዘው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ያሉት፣ መድልዎን የሚከለክለው የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 ደንብ ተፈርሞ እንዲወጣ ነበር። ትኩስ ምግብ ያመላለሱላቸው ብላክ ፓንተር የተባለው ድርጅት አባላት ናቸው። ረዳቱ አብሮት ያልገባውን ሌላው ያገላብጠው ነበር። ደንቡም ተፈረመ።

እንዲህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሮቦት ክንድ ከንቱ ነው ብዬ ጽሑፌን እዚህ ላይ እዘጋው ነበር። ነገር ግን ሮበርትስ ራሱ ያወጋው አንድ ጉዳይ አለ። ለብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር መንዳት አትችልም ተብሎ ረዳት ይገፋው ነበር። ከዚያ ፍቅር ያዘው። ከፍቅረኛው ጋር በሄደበት ሁሉ ወንበሩን የሚገፋ ሦስተኛ ሰው ከኋላ ይቆማል። ይህ አልሆን ሲለው ነገሩን መረመረ፤ ጣቶቹ መሳብ እንጂ መግፋት አይችሉም ነበርና የመቆጣጠሪያውን ሳጥን አዙሮ አስገጠመው፤ መንዳትም ቻለ። ደግ ረዳት ያለው ሰውም ቢሆን ማሽን የሚፈልግበት ሰዓት እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ማሽን አይሰማም፣ አያይም፣ አይታዘብም።

በ1975 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በኑክሌር ተቋማት ጨረር ያለበትን ዕቃ ከሩቅ ለመያዝ የተሠራን ክንድ ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ለማዋል ምርምር ተጀመረ። ስሙን ስፓርታከስ አሉት። («ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ተውኔት ወደ ዓለም የገባ፣ የግዳጅ ሥራ ከሚል የቼክ ቃል የተወሰደ ነው። ባሪያን በዐመፀኛ ባሪያ ስም መጥራት የፈረንሳዮች ቀልድ ይሆናል።) ምርምሩን ይመሩ ከነበሩት አንዱ ሆክ ክዌ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ማኑስ የተባለው ክንድ እንዲሠራ አደረገ። ወደ 14 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከወንበሩ ጎን ታጥፎ የሚቀመጥ፣ መጠጥ የሚያቀርብ፣ የወደቀ ዕቃ የሚያነሣ ክንድ ነው። ከራንቾው የሚለየው ዋና ነገር፣ ተጠቃሚው «እጁ ወደዚያ ይሂድ» ብሎ አቅጣጫ ሲሰጥ የየመገጣጠሚያውን ስሌት ኮምፒውተሩ መሥራቱ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለገበያ ቀረበ።

የሆላንድ ክንድ ግን ከሌሎቹ የበለጠው በብረቱ ጥራት አልነበረም። ሆላንድ ውስጥ ክንዱ ያስፈልገዋል ተብሎ በባለሙያ የተመሰከረለት ሰው ዋጋውን የሚሸፍንለት የሕዝብ ገንዘብ ነበር። በሌላው ዓለም የሮቦት ክንድ በዐውደ ርእይ ሲታይ፣ በሆላንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማኅበራዊ ዋስትና ለሚያዋጣ ዜጋ እንደሚገባው ነገር በቤታቸው ይጠቀሙበት ጀመር። እንግሊዝም ብልሃት አላነሳትም፤ በ1987 ኪል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክ ቶፒንግ ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ሲል የሚያጎርስ ሮቦት ሠርቷል። ጃፓኖችም በ2002 የራሳቸውን የማንኪያ ሮቦት ለገበያ አቅርበዋል። (እንጀራ ቆርሶ የሚጠቀልል ማሽን ገና አላየሁም።) አሜሪካ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ክንዱን ማን ይክፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ለዓመታት ቆማ ቀረች። የጦር ጉዳተኛ የሆነ ከመንግሥት ያገኛል፤ ሌላው ከመድን ድርጅት ጋር ይጻጻፋል።

በካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ፣ ጃኮ የሚባለው ክንድ የተወለደው ከቤተሰብ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ሻርል ደጊር ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ የተያዙ አጎቶች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ ዣክ ፎሬ ቤቱ ውስጥ ከተገኘው ዕቃ የራሱን ማንሻ ክንድ ሠርቶ ነበር። የእህቱ ልጅ በ2006 ኪኖቫ የተባለውን ኩባንያ ከባልደረባው ጋር አቋቋመ፤ ክንዱንም በአጎቱ የቁልምጫ ስም ጠራው። ስድስት መገጣጠሚያ፣ ሦስት ጣት፣ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ። ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

በአንጎል የሚታዘዘውን ክንድ በቶሎ አልፈዋለሁ፤ ጋዜጦች በሰፊው ጽፈውለታልና። በ2012 በኔቸር መጽሔት እንደ ተዘገበው፣ አንዲት በአንጎል ስትሮክ ምክንያት ለ15 ዓመት ገደማ መንቀሳቀስም መናገርም ያልቻለች ሴት፣ አንጎሏ ላይ በተተከለ ትንሽ መሣሪያ አማካይነት የሮቦት ክንድ አዝዛ፣ ከስድስት ሙከራ በአራቱ ቡናዋን ጠጥታለች። የፈገግታዋን ፊልም ያየ አይረሳውም። በፒትስበርግ ለተደረገው ተመሳሳይ ምርምር ክንዱን ያሠራው ደግሞ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን እጃቸውን አጥተው ለሚመለሱ ወታደሮች ሲባል የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያፈሰሰው ገንዘብ ነው። ካዝና በጦርነት ጊዜ በቀላሉ ይከፈታል።

አሁን ያ ሒሳብ ይመለስ። የሮቦት ክንድ ዋጋውን ለሚከፍለው ወገን ሲቀርብ የሚነገረው የቡና ደስታ አይደለም። በ2005 የሆላንዱን ክንድ የመረመረ ጥናት ክንዱ የረዳትን ሥራ በቀን ከ0.7 እስከ 1.8 ሰዓት እንደሚቀንስ አስልቷል። በ2011 በካናዳ ስለ ጃኮ የተደረገው ጥናት ደግሞ የእንክብካቤውን ጊዜ 41 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ጥናቶቹ በቅንነት የተሠሩ ናቸው፤ ተጠቃሚውን ለመርዳት ሌላ የሚሰማ ቋንቋ ስላልተገኘ ነው። ሆኖም ቋንቋው መዘዝ አለው። ክንዱ የሚገዛው ረዳት ስለሚቀንስ ከሆነ፣ ክንዱ በመጣ ማግሥት የረዳቱ ሰዓት መቀነሱ አይቀርም፤ ክንዱ ደግሞ አያለብስም፣ አያጥብም፣ ከአልጋ አያነሣም።

እዚህ ላይ ጥቅሜን ሳልደብቅ ልናገር። 41 በመቶ የሚለውን ያነበብኩ ዕለት መጀመሪያ ያሰላሁት የመምህሩን ነጻነት አይደለም፤ የቤት ኪራዬን ነው። ከሳምንት ሰዓቴ 41 በመቶው ሲነሣለት የቀረው ለኪራይ አይበቃም ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት በመሥራቴ አፍሬአለሁ፤ ነገር ግን ብቻዬን ያሰላሁት አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሮቦት በሰማሁ ቁጥር የሚነሣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የበረከተው ሰዓት ለማን ይሰጣል? ለታማሚው ብቸኝነት፣ ለረዳቱ ዕረፍት ወይስ ለከፋዩ ካዝና? ይህ የምሕንድስና ጥያቄ አይደለም።

አገር ቤት ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በርክሌይ የተጀመረው ሐሳብ ግን በ2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ውስጥ ገብቷል፤ አንቀጽ 19 ሰው በኅብረተሰቡ መካከል ራሱን ችሎ እንዲኖር የግል ረዳት አገልግሎት ሊያገኝ እንደሚገባ በግልጽ ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2010 አጽድቃለች። በተግባር ግን የአገራችን «የሮቦት ክንድ» እናት፣ እህት ወይም ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ናት። ደመወዝ የላትም፤ ትምህርቷን አቋርጣ ይሆናል፤ በማንኛውም ጥናት ውስጥ ሰዓቷ አይቆጠርም። ታማሚውም አያዛትም፤ ይለምናታል እንጂ። ሁለቱም የሰው እጅ ያያሉ።

መምህሩ የሮቦት ክንድ ጠይቀው ለሁለት ሳምንት ሙከራ ተሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ ጥያቄአቸው «ለምቾት እንጂ ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆነ። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ገጹን የሚገልጥ ክንድ አልነበራቸውምና።

በሙከራው በሁለተኛው ቀን ውኃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አገጫቸውን ከመቆጣጠሪያው ላይ ሳያነሡ «አንተ ውጭ ቆይ» አሉኝ። ወጥቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ያህል እንደ ቆየሁ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። እጄ የበሩን እጀታ ይዟል። አልጠሩኝም። ጥቂት ቆይተው በረጅሙ ሳቁ፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ስሜን የጠሩት።

«ሌላ ብርጭቆ አምጣ፤ የፕላስቲኩን» አሉኝ። «ከዚያ ተመልሰህ ውጣ።»